በጋሻ ቆዳ ላይ የተቀመጠችው መኪና

ነቀምቴ ውስጥ የውሾቹን ታሪክ ከእኔ ያልሰማ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አስወርተውኛል። የኦቦ ዋቅወያ መኪና ሙሽራ እንደያዘች ውሾች ከሥሯ ገብተው እንዴት እንዳዋረዷት ስናገር ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስናገር ግን አንድ ሰው አስቀራለሁ። ዱቤን አስቀራለሁ። እሱ ሲቀር ጨዋታው ያምራል፤ እሱ ካለበት ምኑም አያስቅም። አሁን እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በ1962 ዓመተ ምሕረት ነው። ጋራዤ ከገበያው በላይ፣ ወደ አኖ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ሥራውን አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ዘንድ ስድስት ዓመት ተምሬ ስለመጣሁ፣ ከባኮ ወዲህ እንደ እሸቱ ያለ መካኒክ የለም ብዬ አምን ነበር። ማመን ብቻ ቢሆን ደግ፤ እናገረውም ነበር።

ኦቦ ዋቅወያ ቡና ነጋዴና የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ዘጠኝ ሰው የምትጭን አሮጌ የአሜሪካ መኪና ነበረቻቸው፤ ከግዙፍነቷ የተነሣ ሰዉ «ጋፈርሳ» ይላታል፣ ጎሽ ማለት ነው። በኅዳር መጨረሻ ይዘዋት መጡ። መንገድ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ወለሏ እንደ ነጋሪት ይመታል፣ የኋላ በሯም አልገጥም ብሏል።

ከሥሯ ገብቼ አየሁ። መኪና ሁለት ነገር ናት። ታች ሞተሩንና ጎማውን የያዘው ሻንሲ አለ፤ ላይ ሰው የሚቀመጥበት ቤት አለ። ቤቱ ሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰራል። ብረት በብረት ላይ እንዳይቀመጥ ደግሞ በመሃል ጎሚኒ ይገባል፤ መዳፍ የሚያህል፣ ሦስት ጣት የሚወፍር ላስቲክ። ጋፈርሳ አሥራ ሁለት ጎሚኒ ነበራት። ግማሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል፣ ግማሹ ጭራሽ የለም። ቤቱ ወደ ግራ ተንጋዶ በባዶ ብረት ላይ ቁጭ ብሏል።

አዲስ አበባ ብልክ ዕቃው ከውጭ አገር ይታዘዛል፣ አምስት ወር ይፈጃል አሉኝ። ኦቦ ዋቅወያ ደግሞ ልጃቸው ቀለሟ በጥር ልትዳር ነው፤ ሙሽራው የቢላ ከተማ ሰው ነው። ልጄ በጋፈርሳ ካልሄደች ሰርግ አይባልም አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ለእኔ ይተዉት አልኳቸው። ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጬ ደራርቤ ሞከርኩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተተ በሳምንቱ ከቦታው ወጥቶ አገኘሁት።

መላውን ያመጣው ዱቤ ነው። ዱቤ ፋቂ ነው፤ ቆዳ አልፍቶ ጠፍርና ኮርቻ ይሠራል። በዚያን ጊዜ ከፋቂ ጋር ማዕድ አይቀረብም፣ ቤቱም አይገባም። ሕግ ያወጣው የለም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ከሸዋ የመጡት ወላጆቼና የአገሩ ሰው በብዙ ነገር ይጨቃጨቁ ነበር፤ በዚህ ብቻ ተስማምተው ይኖራሉ። ዱቤም ያውቀዋልና ጋራዤ ሲመጣ ከደጃፉ አያልፍም። ከውጭ ቆሞ ነው ተንሸራትቶ የወጣውን የጎማ ቁራጭ አገላብጦ አይቶ አባቱ ጋሻ ሠሪ እንደነበሩ የነገረኝ። የጋሻ ቆዳ ከበሬ ትከሻ ይወሰዳል፤ እርጥቡ ተደራርቦ በጅማት ይሰፋል፣ በድንጋይ ተጭኖ ይሰነብታል፣ ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ጦር የመለሰ ነገር የመኪና ቤት አይሸከምም ወይ አለኝ። ዛሬ ጋሻ የሚገዛ የለም፣ እጄ ግን አልረሳውም አለ።

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ከጣሊያኑም ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ሁለት አዘዝኩት። መድረሱ በምን ይታወቃል ስለው፣ በጥፍርህ ስትመታው እንደ እንጨት ይጮኻል አለ።

ወሩ የሚሞላው ሰርጉ በዋለ በስምንተኛው ቀን ነበር። ዱቤ ይህን ቆጥሮ ነግሮኛል፤ እስከዚያ በጎማው ቁራጭ በቀስታ ይሂዱ ብሏል። ትክክል ነበር። ግን እኔ ለኦቦ ዋቅወያ ለሰርጉ አደርሳታለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። ስለዚህ ዱቤ ቆዳ ሊገዛ ወደ አንገር ቆላ በወረደበት ቀን ቤቱ ሄድኩና ሚስቱን ድርቤን ከአጥሩ ውጭ ጠርቼ፣ ዱቤ ውሰድ ብሎኛል አልኳት። አመነችኝ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተሰቀሉትን አሥራ ሁለቱንም አውርዳ በቅርጫት ሰጠችኝ። አንዱን በጥፍሬ መታሁት፤ እንደ ሊጥ ዝም አለ። አንድ መላ መታሁና ላዩን የደረቀ እንዲመስል ሞራ አቅልጬ ቀባሁት።

ዱቤ ሲመለስ ሰምቶ በሩጫ መጣ። እኔ በክሪክ የመኪናዋን ቤት አንሥቼ የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቅሁ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣

«ህን ጎግኔ፣ እሸቱ። አልደረቀም» አለ። «ውስጡ ገና ሥጋ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይሟሽሻል፣ ቡሎንህ ይላላል። ሞራ ደግሞ ለምን ቀባኸው? ውሻ ያሸተዋል።»

የመኪናን ነገር ለመኪና ሰው ተወው ብዬ ሳቅሁበት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል የማውቀው ለሌላ ሰው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ጋፈርሳ እንደ ፍራሽ ለሰለሰች። አኖ ደርሰን ስንመለስ ኦቦ ዋቅወያ አንድም ጊዜ ጥርሳቸው አልተጋጨም። በምን ሠራኸው ሲሉኝ በደስታ ብዛት እውነቱን ነገርኳቸው፤ ዱቤ የሠራው የጋሻ ቆዳ ነው አልኩ። እሳቸውም፣ በወንጌል ፊት ሁሉም አንድ ነው እያልን እናስተምራለን፣ እስከ ዛሬ ግን ዱቤን ከዳስ ውጭ ነው የምናበላው አሉ። ለሰርጉ ጠሩት።

ያን ቀን ዱቤ ታጥቦ የነጣ ጋቢ ለብሶ መጣ። እንደ ልማዱ ከአጥሩ ሥር ሊቀመጥ ሲል ኦቦ ዋቅወያ ከዳሱ ወጥተው በሰው ሁሉ ፊት እጁን ያዙት።

«ዱቤ፣ ኮቱ ታኢ» አሉ፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። «መኪናዬን ያስቀመጠ ሰው ውጭ አይቀመጥም።»

አስገቡት። ከእኔ ሦስት ሰው አልፎ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንዳንዱ ፈቀቅ አለ፣ አንዳንዱ አቀርቅሮ በላ። ብርዝ በጣሳ ቀረበለት። ዱቤ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ሳይጠጣ ቆየ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ዳስ ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ያኔ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ጋፈርሳ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ከዳሱ ጓሮ በሬ ታርዷል፣ የከተማው ውሻ ሁሉ ተሰብስቧል። ቀለሟና ሚዜዎቿ ገብተው በሩ ተዘጋ፣ ዘፈኑ ቀለጠ፤ እኔ ነጂ ነኝና መሪውን ያዝኩ። ሞተሩን ሳስነሣ ከሥር ጉርምርምታ ሰማሁ። አንድ ሁለት አይደሉም። ሞራው በሙቀት ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ውሾቹ ከሥር ገብተው ሟሽሾ የላላውን ቆዳ በጥርሳቸው ይዘው ይጎትታሉ። ወርጄ በድንጋይ ሳባርራቸው አንዱ ትልቅ ቀይ ውሻ ጎሚኒዬን በአፉ እንደያዘ በዘፋኞቹ መሃል አለፈ። ወዲያው የቤቱ ግራ ጎን ዷ ብሎ ብረቱ ላይ ቁጭ አለ። በሩ ተቀረቀረ፤ ሙሽራዋ ከውስጥ ትጮኻለች።

ታሪኩን ስናገር ሰው የሚስቀው እዚህ ጋ ነው። በሩን በብረት ፈልቅቄ ከፈትኩት። ቀለሟ ከነቬሎዋ በቡና ጫኝ ኤንትሬ ጋቢና ተሳፍራ ቢላ ሄደች። ስጨርስም፣ ውሻው የጋሻ ቆዳ በልቶ እስከ ዛሬ ጅብ አይፈራም እላለሁ።

የማስቀረው ይኸው ነው። ሙሽራዋ ገና ከመኪናው ስትወርድ ሰዉ ሁሉ ከዳሱ ወጥቶ ከቦናል። ዱቤም ጣሳውን እንደያዘ ወጥቷል። ኦቦ ዋቅወያ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ምንድን ነው ያስገባህብኝ አሉኝ። አንድ ጊዜ ዱቤን አየሁት። እሱ ዓይኔን እያየ ነበር፤ እውነቱን እንደምናገር እርግጠኛ የሆነ ሰው አስተያየት ነው።

«ዱቤ ነው የሰጠኝ» አልኩ። «ደርቋል ብሎኝ ነው። የፋቂ ነገር፣ ምን ይታመናል።»

የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ዱቤ አልተከራከረም። ቢናገር ቃሉ ከእኔ ቃል እኩል እንደማይመዘን ያውቃል። ጣሳውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጋቢውን ሰበሰበና በአጥሩ በር ወጣ። ኦቦ ዋቅወያ ተመለስ አላሉትም። አንዲት አሳላፊ ጣሳውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ለብቻው አኖረችው።

ጋፈርሳን ጋራዥ አስገብቼ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ተኛሁ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም፤ ከዚያ ወጥቼ የሰው ፊት ማየት አፍሬ ነው። በሚቀጥለው ወር አንድ ጠዋት ጋራዡን ልከፍት ስሄድ ደጃፉ ላይ ቅርጫት አገኘሁ። አሥራ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን በወሰድኩበት ዕለት ሌላ መጀመሩን በኋላ ሰማሁ፤ የታዘዘውን ሥራ ማድረስ አለብኝ ብሎ። አንዱን በጥፍሬ መታሁት። እንደ እንጨት ጮኸ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገጠምኳቸው። ቡሎኑም አልላላ፣ ውሻም አልቀረባቸውም። ኦቦ ዋቅወያ ነድተው አይተው፣ አሁን ገና ደህና ዕቃ አገኘህ አሉኝ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድርቤን እንደዋሸሁ፣ ዱቤ እንዳስጠነቀቀኝ፣ ሞራውን ራሴ እንደቀባሁ። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መሪውን እንደያዙ ወደ መንገዱ ያዩ ነበር።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ጋሻ በሞራ እንደማይቀባ አባቴም ጋሻ ነበራቸውና አውቃለሁ። ግን ያን ቀን አንተን ከማሳፈር እሱን ማስነሣት ቀለለኝ።»

ከዚያ ግባ አሉኝና በጋፈርሳ ዱቤ ቤት ሄድን። ዱቤ ደጅ ላይ ጠፍር እየቆረጠ ነበር። በሽማግሌ ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ሥር ልወድቅ ስል ያዘኝ። ኦቦ ዋቅወያ በኦሮምኛ ይቅርታ ለመኑት፤ እኔም በተሰበረ ኦሮምኛዬ ለመንኩ። ይቅር ብያለሁ፣ ግቡ አለ። ገባን። ያ ቤት ከጋራዤ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከመድረኩ ስሻገር ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ድርቤ ገበታ አቀረበች። ኦቦ ዋቅወያ ጸልየው ቆረሱ። እኔ ረቡዕ መሆኑ ትዝ ሲለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ጾም ነኝ አልኩ።

«እናውቃለን» አለች ድርቤ። «እናንተ ረቡዕ እንደምትጾሙ እናውቃለን። ቅቤ የለበትም፤ ጎመንና ሽሮ ነው። ሰዓቱም ዘጠኝ አልፏል።»

ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። አላገኘሁም። ዱቤ ወደ እኔ ላለማየት ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፤ ያን ያደረገው ለእኔ አፍሮ ነው። በቤቱ፣ በማዕዱ ፊት፣ እኔ በበደልኩት ላይ እሱ አፈረልኝ።

በመጨረሻ በላሁ። ዛሬ ኦቦ ዋቅወያና ዱቤ ሲገናኙ እንደ ወንድም ነው የሚጫወቱት፤ ጋፈርሳም ይኸው አራት ዓመቷ፣ እነዚያው አሥራ ሁለት ቆዳዎች ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች። ሰው አስወርቶኝ የውሾቹን ነገር ስናገር ዱቤ አንዳንዴ በአጠገባችን ያልፋል፤ ቆሞ ይሰማል፣ አስተካክሎኝ አያውቅም። እኔም ቀዩ ውሻ ዘንድ ስደርስ ፈጠን እላለሁ። እጄ ወደዚያ ገበታ እስኪዘረጋ ስንት እንደቆየ ቤቱ ውስጥ የነበርን አራታችን ብቻ እናውቃለን።