የባሮ ውሃ ወደ ጎሬ

ጡረተኛው መምህር ጥዑመልሳን አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሮቹን ነቃቅሎ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል ሲገጥምበት ሰፈሩ አበደ አለው። ሰፈር ምን ያውቃል! ባለቤቱ አልማዜ ወገቧን ታማ ተቀምጣ መጓዝ አትችልም፤ የተወለደችባትን ጎሬን፣ ጉሟንና ብርዷን ግን አንዴ ማየት ትፈልጋለች። ተኝታ ትሄዳለች። ቤቷ ይዟት ይሄዳል።

በጉዞው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ መንገድ ካለው የጥጥ መጋዘን የመኪና ሚዛን ዘንድ ቆመዋል። ሙቀቱ ምድሩን እያወዛወዘ የማንጎ ዛፎቹን ከሥራቸው ነቅሎ አየር ላይ ያንሳፈፋቸው ይመስላል።

"ምን ያደክምዎታል መምህር?" አለ ሊያግዝ የመጣው ጎሚስታ ፈረጅ። "ጎማው ላይ የነፋሱ ልክ ሰማንያ ይላል። ሰማንያ ልሙላልዎትና ይሂዱ።"

የጥዑመልሳን ደም ፈላ። "እሱ ጣሪያው ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም! ባዶውም የተጫነውም እኩል ይነፋል? ደግሞ በዚህ ሐሩር ጎማ ይለካል? እዚህ ልክ ያልከው ጎሬ ብርድ ላይ ይሟሽሻል!"

"እሺ መምህር፣ ግድግዳ ሥር ልንበርከክ?"

አልማዜ ከሚኒባሱ ውስጥ ሳቀች።

ጎማዎቹን ተራ በተራ ሚዛኑ ላይ አወጧቸው። ሦስቱ ደህና ነበሩ። የኋላው ግራ ላይ ግን ሚዛኑ አሥራ አራት ኩንታል አሳየ፤ ጎማው እስከ ጣሪያው ቢነፋ እንኳ ከአሥራ ሁለት በላይ አይችልም። ፈረጅ ቀልዱን ተወ። ጥዑመልሳን ዓይኑን ሲጨፍን ወደ ጎሬ የሚያወጣው የቡሬ ጠመዝማዛ ዳገት ታየው፤ የአልማዜ ራስ ከዚያው ጎማ በላይ ነው።

"ምድጃው ይውረድ!" ብሎ ጮኸ። "ሳጥኑም! ትራሱም!"

"ከሥሬ ምን ጭነሃል?" አለች አልማዜ።

"የባሮ ውሃ ነዋ። አራት መቶ ሊትር።"

"ለማን?"

"ለመንገድ። ለጎሬ።"

"ለጎሬ! አንተ ሰውዬ፣ ዝናብ ከጣሪያ ለሚቀዱ ሰዎች ውሃ ልትወስድላቸው?"

በርሜሉን ሲሞሉ ፈረጅም አብሮ ነበር፤ አንዳቸውም ለምን አላሉም። ጋምቤላ የኖረ ሰው መንገድ ሲሉት ውሃ ነው የሚያስበው። ጥዑመልሳን ጎንበስ ብሎ የበርሜሉን ቧንቧ ከፈተ።

ውሃው አቧራው ላይ ፈሰሰ። የሚዛኑ ቁጥር ቀስ እያለ ወረደ፤ ቤቱ ቀስ እያለ ተነሣ፣ የተኛ ሰው ደረት ትንፋሽ ሲስብ እንደሚነሣ።

"ከፍ እያልን ነው" አለች አልማዜ በእንቅልፍ ድምፅ። "ጀመርን እንዴ?"

"ገና ነን።"

"አትንገረኝ። በሕልሜ ልሂድበት።"

ቁጥሩ አሥር ኩንታል ተኩል ላይ ቆመ። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ፈረጅ የጎማ ሠሪው ሰንጠረዥ ለዚያ ክብደት ያዘዘውን ሰባ ሞላ። ጥዑመልሳን ደግሞ ለካ።

ቡሬ ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናውን አቆመና መዳፉን ግራው ጎማ ላይ አሳረፈ። እንደ ጤነኛ ሰው ግንባር ለብ ብሏል። ከገደሉ በኩል ነጭ ነገር እየተንከባለለ መጥቶ እጁን ሸፈነው።

"ጥዑሜ" አለች አልማዜ፣ "መስኮቱን ክፈትልኝ።"