ሰላሳ ጊዜ ማኘክ

«ተረጋጊ» የሚለኝን ሰው ሁሉ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ ባሳድረው ደስ ይለኛል። አክስቴን ያሳመሟት እነሱ፣ ተረጋጊ የሚሏትም እነሱ!

የምንሠራው የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። ሃያ ሁለት ሴቶች ነን፤ አክስቴ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ፣ እኔ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ። የምሳ ሰዓት አስራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ያውም ለስሙ። እጃችን በረኪና ስለሆነ ሳይታጠቡ መብላት የለም፣ ቧንቧው ደግሞ አንድ ነው። ወረፋው ደርሷት እስክትታጠብ ለአክስቴ የምትተርፋት አምስት ደቂቃ ናት። በአምስት ደቂቃ ድመት እንኳ ፊቷን አትጠርግም። ድንቹን ሳታላምጥ ቁጭ ብድግ እያለች ትውጠዋለች። ከዚያ አለቃችን ይነፋል። ፊሽካው ካንገቱ ስለማይወርድ ስሙን ራሱ ፊሽካ ብለነዋል። እሱ ሲነፋ አክስቴ ሆዷን ይዛ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። ከስታ ከስታ ቀሚሷ የተዋሰችው መስሏል።

ሐኪሙ ነግሯታል፦ አንጀትሽ ተቆጥቷል፤ አትክልት፣ እርጎ፣ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ዳቦ ብዪ፤ ቀስ ብለሽ አኝኪ፤ አትጨነቂ። እርጎውን ገዛን፣ ካሮቱን ቀቀልን፣ ዳቦውን ጋገርን። ቀስ ብሎ ማኘኩን የሚሸጥ ሱቅ ግን አጣን።

በዚህ ወር ሦስት ቀን ቀርታለች። አራተኛ ከቀረች ትባረራለች፤ ፊሽካ ጣቱን እያጠፈ ቆጥሮላታል።

ታዲያ ሰኞ ዕለት የቤቱ ባለቤት፣ ፊት ለፊት «እትዬ» የምንላት፣ አንዲት የጤና አሰልጣኝ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ስትናገር እሽሩሩ የምትል ነው የምትመስለው።

«እያንዳንዱን ጉርሻ ሰላሳ ጊዜ እናኝካለን» አለች። «ማንኪያችንን እናስቀምጣለን። ሦስት ጊዜ በረጅሙ እንተነፍሳለን። ስለ ሥራ አናስብም። ጭንቅላታችን ሲረበሽ አንጀታችንም ይረበሻል።»

እጄን አወጣሁ። «በስንት ደቂቃ?»

«ተረጋጊ የኔ ቆንጆ። ሰውነትሽ ሰዓት አያይም።»

«ፊሽካ ያያል» አልኳት።

ሴቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ስልጠናው ሲያልቅ እትዬ የተባለው ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ራሷ ፈርማበታለች። «ከዛሬ ጀምሮ መመሪያ ነው። ይህን ሳትከተል ሆዴን አመመኝ ብላ የምትቀር የሕመም ፈቃድ የላትም» አለችና ሁላችንንም አስፈረመችን። አክስቴ ስትፈርም እስክሪብቶው ካንዴም ሁለቴ ወደቀባት። ያኔ ገባኝ። ወረቀቱ የተለጠፈው ለሃያ ሁለታችን ቢሆንም የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው። አንጀቴ አረረ።

በማግስቱ የቧንቧው ወረፋ ላይ ከኋላ እስከ ፊት እየዞርኩ በየጆሯቸው ሹክ አልኩ። «ፈርመሻል አይደል? እንግዲህ አኝኪያ!»

ተቀመጥን። ምሳ ዕቃችንን ከፈትን። ማኘክ ጀመርን። ሃያ ሁለት አገጭ እኩል ሲንቀሳቀስ ብታዩ! ፊሽካ ነፋ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ነፋ።

«ተነሱ እንጂ! ደንቁራችኋል?»

አፌ ሙሉ ስለነበር ጠብቀኝ በሚል ጣቴን አነሳሁለት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«አንቺን ነው ምላሳም! ተነሺ!»

«ውይ ጋሼ፣ ስንት ላይ እንደነበርኩ አስረሱኝ። በሉ ሴቶች፣ ካንድ እንጀምር።»

ካውያ ቤት ያለችው ወፍራሟ ሴት ሳቋ አምልጧት ካሮቱን ጠረጴዛው ላይ በተነችው። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መስሎ «ተይ ልጄ፣ እንጀራዬን ታስዘጊብኛለሽ» አለችኝ። ማኘኳን ግን አላቆመችም።

ፊሽካ ሮጦ እትዬን ጠራት። መጣች፣ በታኮ ጫማዋ ቋ ቋ እያለች።

«ምንድነው ይሄ ጉድ?»

«መመሪያ ነው እትዬ» አልኩና ወረቀቱን በማንኪያዬ አሳየኋት። «ፊርማዎም አለበት።»

«እኔ ቤታችሁ ስትበሉ ብዬ ነው!»

«ቤታችን? ጠዋት አስራ ሁለት ገብተን ማታ አስራ ሁለት የምንወጣ ሰዎች ምሳችንን የት ሄደን እንብላ?»

«ተረጋጊ!»

ኧረ ይህን ቃልስ ባታመጣው ይሻላት ነበር! ብድግ አልኩ። «አልረጋጋም! አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ቀስ ብለሽ ብዪ ማለት ምን ማለት ነው? ቀስ ብላ ካልበላች ትታመማለች፤ ከታመመች ትቀራለች፤ ከቀረች ትባረራለች። ወይ ወረቀቱን ይቅደዱት፣ ወይ ያንን ፊሽካ ያስቀምጡት!»

«ይህቺ ልጅ አሁኑኑ ትውጣልኝ!»

«እትዬ፣ አንዴ ልዋጥ» አለች አክስቴ።

ሁሉም ዞሮ አያት። በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ ድምጿ ከማሽኑ በላይ ተሰምቶ አያውቅም። ዋጠች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሦስቴ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ያችን የጤና አሰልጣኝ ታስንቃለች።

«እኔ ምሳዬን ልጨርስ ነው። ከፈለጉ ዛሬውኑ ያባርሩኝ። ግን ጠግቤ ነው የምባረረው። እሷ ከወጣች ደግሞ እኔም አብሬ ነኝ።»

«እኔም» አለች ወፍራሟ። ሌሎቹ አፋቸው ሙሉ ስለሆነ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ በሩ ላይ የተቆለለውን የሆስፒታል አንሶላ አየች። ማታ መድረስ አለበት። ደግሞ እኛን አየች።

«ከዛሬ ጀምሮ አርባ ደቂቃ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ይህቺ ምላሳም ግን ወደ መለያው ክፍል ትሂድ።»

መለያው ክፍል ማለት ደምና ትውከት ያለበት አንሶላ ሳይታጠብ በእጅ የሚለይበት ነው። እትዬና ፊሽካ ወጡ። ሴቶቹ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ፤ «ጎበዝ፣ አንበሳ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ማንኪያዬን አነሳሁ። ሆዴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠመዘዘ። አርባ ደቂቃ ለመብላት ሰው ይሄን ያህል መጮህ አለበት? ምሳ ዕቃዬን ገፋሁት።

«ብዪ» አለችኝ አክስቴ።

«ሆዴ እምቢ አለ።»

ፊቴን አየችው። ሆዴን አየችው። ስትናደድ እንኳ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«የኔም የጀመረኝ ልክ እንዲህ ብሎ ነው» አለች። ዳቦውን ቆርሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና እስክጎርስ ጠበቀችኝ።

እየተናደድኩ አኘኩት።