የሽታው ግቢ

እኔ ፈሪ አይደለሁም። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ፣ የእመቤቲቱን ጩኸት ችዬ የተመለስኩ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ግን ወላሂ አይቼ አላውቅም፤ ያውም ከአንድ ያረጀ ወረቀት።

የሐይቅ ከተማን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው ቀጠሩኝ። አለቃዬ ሙአዊያ የሚባል መነጽራም አስተማሪ ነው። የድሮ ደብዳቤና የግቢ ንድፍ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል፤ እኔ አቧራውን አራግፌ፣ በስካነር አንስቼ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ ድሮ በእጅ የተሣለውን የከተማውን ንድፍ ከሳተላይት ፎቶ ላይ እንደርበዋለን። መስጊዱ ከመስጊዱ፣ መንገዱ ከመንገዱ ሲገጥምልኝ ብቻዬን አጨበጭብ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የኛን ሰፈር ደረብኩ። የቤቴ ሰማያዊ ቆርቆሮ ከላይ ይታያል፤ የዘጠኝ ዓመት ላቤ። ከሥሩ ባለው ንድፍ ላይ ግን «የሽታው ግቢ» ተብሎ ተጽፏል። የአባቴ የአብዱልከሪም ስም ያለው ከጎኑ፣ ወደ ጓሮ ነው። ሽታው ደግሞ ማነው? መልሱ ከዚያው ጆንያ ወጣ። በ1977፣ እኔ ሳልወለድ፣ ሽታው የሚባል ጎረቤት በድርቁ ጊዜ ወደ ኢሉባቦር ሰፈራ ሲሄድ፣ እስኪመለስ ድረስ ቤትና ግቢውን ለአብዱልከሪም በአማና፣ በአደራ መስጠቱን የሚናገር ደብዳቤ ነው። ከግርጌው ሁለት የጣት አሻራ አለ።

ክው አልኩ። ከጅዳ ሆኜ ቤቱን በስልክ ሳሠራ አባቴ «የመንገድ ዳሩን ተይው፣ ወደ ጓሮ ሥሪ» እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። የመንገድ ዳር ትቶ ጓሮ የሚሠራ ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብዬ ጮህኩበት። ግንበኛው ፎቶ ይልካል፣ እኔ «ቀጥል» እላለሁ፣ ግድግዳው ወጣ። አባቴም ከዚያ ወዲያ የጓሮውን ነገር አላነሣብኝም። የኛ የስደተኞች ነገር እንዲህ ነው፤ መሬቱን ሳንረግጥ ቤት እንሠራለን።

መጀመሪያ ንድፉን ትንሽ ወደ ግራ ገፋሁት። ቤቴ ከሽታው ግቢ ወጣ፤ መስጊዱ ግን አስፋልት መሀል ገባ። ያ ረቢ! ቶሎ መለስኩት። ስለዚህ ስሙን ብቻ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ፣ ከወረቀቱ ንድፍም ፋቅኩ፣ የደብዳቤውንም ፎቶ ሰረዝኩ። ሙአዊያ ለዙህር ሶላት ሲወጣ ዋናውን ደብዳቤ ከደረቴ ወሽቄ ወደ ሐይቁ ውሃ ወረድኩና ቀዳድጄ በተንኩት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ላይ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። ሰውዬው ሰላም ሊለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እህል ከአፌ አልገባ አለ። ሙአዊያ ስሜን ሲጠራ ላብ ያጠምቀኛል። የማላውቀው ስልክ ሲደወል አላነሣም። አባቴ ዓይኑን ካጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ግን ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር የሚያየኝ እየመሰለኝ ከግቢ እወጣለሁ። ቤቴን ቢወስዱብኝስ? እንደገና ጅዳ? በየትኛው ጉልበቴ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እናትነሽ ሽታው እባላለሁ አለች።

የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። አባቷ እዚያው ሰፈራ አገር ሞቶ መቀበሩን፣ እሷ ልጆቿን ይዛ መመለሷን፣ መታወቂያ ለማውጣት ግን ትውልዷ ከዚህ ስለመሆኑ ማስረጃ አምጪ መባሏን ለሙአዊያ ነገረችው።

«ቤትም መሬትም አልልም፤ የአባቴ ስም ያለበት አንዲት ወረቀት ብቻ ስጡኝ» አለች።

ወሬ ነው አልኩ በሆዴ፤ ዛሬ መታወቂያ፣ ነገ ግቢ። ጆንያዎቹን ለይምሰል ሳገላብጥ ቆየሁና የለም አልኳት። ስላደከምኩሽ ይቅርታ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

ልትወጣ ስትል ሙአዊያ፣ አላህ ይይለት፣ ወረቀት ከታጣ የሰው ምስክር አለ፣ የሰፈሩን የጥንት ሰው ከዚህች ከፈዲላ አባት የበለጠ የሚያውቅ የለም አላት። ዞሮም ውሰጃት አለኝ። ምን ብዬ እንቢ ልበል? ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ አባቷ ስለዚህ አገር ውሃ ያወራላት የነበረውን እየነገረችኝ ትሥቃለች። ባጃጁ ቢገለበጥ ብዬ ተመኘሁ፤ እስከዚህ ድረስ ፈርቻለሁ።

አባቴ ግቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። የማን ልጅ ነሽ አላት። ነገረችው። መቁጠሪያው ከእጁ ወደቀ። እጁን ዘርግቶ ራሷን ዳበሰ፤ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ።

«አርባ ዓመት ጠበቅኩት» አላት። «አማናውን ሳልመልስ አትግደለኝ እያልኩ አላህን ስለምን ነበር። ይህች ልጄ የሠራችው በእናንተ ግቢ ላይ ነው። በሰው አገር እየነደደች ስትልክ፣ መሬቱ ያንቺ አይደለም ለማለት አንጀቴ አልቻለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ደብዳቤው ከቀበሌ ወረቀቶች ጋር እኛ ዘንድ እንደሚመጣ ያውቅ ነበርና፣ ይህን ሥራ ስይዝ ደስ ያለው ለዚሁ እንደነበር ነገረን። ወረቀቱን አግኝቼ እስክጠይቀው ድረስ በየቀኑ፣ ከሥራ በገባሁ ቁጥር፣ ሲጠብቅ ከርሟል። ጓሮው ሰፊ ነው፣ በሽማግሌ ተነጋግረን እንካካሳለን፣ ከቤትሽ የሚያስወጣሽ የለም አለኝ። ከዚያ ፊቱን በደንብ ወደ እኔ አዞረ።

«ፈዲላ፣ ወረቀቱን አምጪላት። የአባቷ ጣት ያረፈበት ነው።»

እናትነሽ እንዳልሳቀቅ ብላ ቀደመችኝ። እሷማ ጆንያውን ሁሉ ገልብጣ ፈለገችልኝ፣ የለም እኮ አለችው።

አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንፋሼን አዳመጠ። ላቆመው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

«ምን አደረግሽው?» አለኝ።