የአያና ጣት

እኔ ዓለምነው ሦስት ተከራዮች አሉብኝ፤ ስኳር፣ ደም ግፊትና ኩላሊት። እርስ በርስ አይስማሙም። ስኳር «ውሃ ጠጣ» ይላል፤ ኩላሊት «በልክ አድርገው!» ብሎ ይጮኻል። የግፊቱ ኪኒን ሽንት ቤት ያመላልሰኛል፣ የስኳሩ ኪኒን ሆዴን ያላውሰዋል። ጠዋት ስድስት፣ ቀትር ላይ ሁለት፣ ማታ ሦስት እውጣለሁ። ለሰባት ቀን ሰባት ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥን አለኝ፤ ልጄ ሂላ በመጣች ቁጥር ሞልታልኝ ትሄዳለች። እኔ ግን የማክሰኞን ሰኞ እውጠውና ማክሰኞ ምን እንደምውጥ ጠፍቶኝ ቤቱን ስዞር እውላለሁ። መቀመጥ አይሆንልኝም። ስቀመጥ እግሬ ይነዝረኛል፤ ስነሳ ራሴን ያዞረኛል። ስለዚህ መሃል ላይ ጎንበስ ብዬ እኖራለሁ።

በኩፓት ሆሊም፣ ሕክምና በምንሄድበት ጣቢያ፣ የምታየኝ ነርስ ኦሸሪት ትባላለች። እዚሁ ሀደራ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። አማርኛዋ ይንገዳገዳል፤ ዓይኗ ግን አይስትም።

«አባባ ዓለምነው፣ ዳይ፣ በቃ!» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት እሰጥዎታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሳይበሉ ስኳርዎን በመለኪያዋ ይለኩ። ከመቶ ሠላሳ በታች ካልወረደ ኢንሱሊን እንጀምራለን።»

«መርፌ?»

«መርፌ። በየቀኑ።»

መርፌውን አልፈራሁም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ። ከሁሉ የፈራሁት ግን ሂላን ነው። የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ አሽዶድ ነው። «አባ፣ መርፌ ከጀመርክ ብቻህን አትኖርም፣ ወደ እኔ ትመጣለህ» ብላ ቆርጣለች። አልጋ ሳይቀር ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ዘርግታልኛለች፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ሀደራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ገበያው ውስጥ ቲማቲም ሻጩ በስሜ ጠርቶ ይሰድበኛል። ወንዙ ዳር፣ ናሓል ሀደራ ፓርክ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአገር ቤት በአውሮፕላን ስንመጣ አብራሪው መንገድ ጠፍቶት እኔን ከኋላ አስጠርቶ «በየት በኩል ልታጠፍ?» እንዳለኝ ሃምሳ ጊዜ ሰምተው ሃምሳ ጊዜ ስቀዋል። አሽዶድ ማንን እዋሻለሁ? ማጠቢያ ማሽኑን?

ለካሁ። መቶ ዘጠና። በማግስቱ ሁለት መቶ አምስት። ከዚያ መቶ ዘጠና ስምንት። መለኪያዋ ክፋቷ ያየችውን አትረሳም፤ ኦሸሪት ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኛት አንድ ሳታስቀር ትለፈልፋለች። በአምስተኛው ቀን ቤቱን እየዞርኩ ሳለሁ አንድ ነገር በራልኝ። ይህች ዕቃ ደሙን ታውቃለች እንጂ ባለቤቱን አታውቅም።

አያና ጎረቤቴም እኩያዬም ነው። ከመጣ ጀምሮ ሐኪም ፊት ቀርቦ አያውቅም፤ በዚህም እንደ ሹመት ይኮራል። ዘንድሮ ደግሞ ቀጥኗል፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። «እንደ ጎረምሳ ሆንኩ!» እያለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ አንጠልጥሎ ይዞራል። ፓርኩ ውስጥ በየሃያ እርምጃው ከባሕር ዛፍ ጀርባ ይሰወራል። ጤነኛ ደም ማለት ይሄ ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መንደሪን ሲልጥ፣ ገና ሳይቀምሰው፣ ደረስኩበት።

«አያና፣ ይቺን አየሃት? የጉልበት መለኪያ ናት። ሠራዊቱ ኮማንዶ የሚመርጥባት።»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀጣፊ!»

«ጣትህ ፈርቶ ነው እንጂ።»

«የማን ጣት? እንካ! አሥሩንም ውሰድ!»

አዲስ መርፌ አድርጌ ጠቅ አደረግኩት። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

የመንደሪኑ ጣፋጭ ጣቱ ላይ ቀርቶ ነው ብዬ ወደ ቧንቧው ወስጄ አስታጠብኩት፤ አደረቅኩት፤ መርፌ ቀይሬ በሌላ ጣት ደገምኩ። አራት መቶ ሃያ።

«ስንት መጣ?»

«አራት መቶ ሃያ።»

«የአንተስ?»

«ሁለት መቶ ገደማ።»

«እሰይ! እጥፍ!» ብሎ ትከሻውን እየነቀነቀ ዛፉን ዞረው።

እኔ ግን ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። ውሃው፣ ሽንቱ፣ ቀበቶው። የዛሬ አሥር ዓመት አውቶቡስ ጣቢያው ወለል ላይ ከመዘረሬ በፊት እኔም ልክ እንደዚህ ነበርኩ። በገዛ ሰውነቴ የማውቀውን በሽታ ጓደኛዬ ላይ ሳየው ጤና ነው ብዬ ቀናሁበት።

«አያና፣ ስማኝ። ስቀልድ ነው። ይሄ የስኳር መለኪያ ነው። ታመሃል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይይህ።»

መለኪያዋን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ ባሰበት። «በለጥኩህና ቀናህ!»

«እናቴን!»

«እናትህን አሳርፋቸው! አውሮፕላኑንም በእሳቸው ምለህ ነው ያበረርከው።»

ጥሎኝ ሄደ። ወደ ቤቱ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ስል ቶሎ ቶሎ አነከስኩ። ሚስቱ ሙላቷ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችው።

«ሙላቷ፣ አያና ስኳር ይዞታል።»

«የልጄ ሠርግ ዋዜማ አዳራሹ ተቃጠለ ብለህ በነጠላ ጫማ ያስሮጥከኝ አንተ አይደለህ?»

«ያኔ ቀልድ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ሌሊት ስንቴ ይነሳል? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

በሩን ዘጋችው።

የዚያን ቀን አንድ ቦታ አልቆምኩም። ገበያ ሄጄ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ፤ የቀትሩን ኪኒን ረሳሁ፤ ወደ ፓርኩ ዞርኩ። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ስደርስ መለኪያዋን ከኪሴ አወጣኋት። የአያና ሁለት ቁጥሮች በእኔ ስም ገብተዋል። ኦሸሪት ይህን ካየች የማንም ምክር አያሻትም፤ አሽዶድ ነኝ። ወንዙ ውስጥ ብጥላትስ? «ጠፋችብኝ» እላለሁ። አዲስ ይሰጡኛል፣ ሌላ ሁለት ሳምንትም አገኛለሁ። እጄን ከብረቱ አሳልፌ ዘረጋሁ።

ግን በመላው ሀደራ ከእኔ ምላስ ይልቅ የሚታመን ምስክር እሷ ብቻ ነበረች። መልሼ ኪሴ ከተትኳት።

እውነቱን ስነግረው እምቢ ያለኝን ሰው በምን ላምጣው? በምችለው። በማግስቱ በማለዳ በሩን ደበደብኩ።

«አያና! ነርሷ ቁጥርህን ሰምታ ሰውየውን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለች።»

«ፎቶ ያነሱኛል?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ቦርሾ ወጣ። ሙላቷም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን። እኔን ላለማየት ሰማይ ሰማዩን ታያለች። የኩፓው ደረጃ ላይ ስታልፈኝ ግን በቀስታ፣ «አምስቴ ይነሳል» አለችኝ።

ኦሸሪት መለኪያዋን አገናኝታ ኮምፒውተሩን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እነዚህ ሁለቱ የእሱ ናቸው» አልኳት። «በእሱ ደም ላታልልሽ ነበር።»

አልተቆጣችም፤ ያ የባሰ ነው። ጓንት አድርጋ በራሷ መለኪያ አያናን ለካችው፤ ስለ ውሃው ጠየቀችው፤ ስልክ አንስታ በዕብራይስጥ ቶሎ ቶሎ ተናገረች።

«አንደኛ ወጣሁ?» አላት አያና።

«አባባ፣ ይቀመጡ። አምቡላንስ እየመጣ ነው።»

አያና ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ላይ ሳቅ ሲፈልግ ቆየ፤ ሲያጣ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

እሱ ከተወሰደ በኋላ ኦሸሪት በሩን ዘጋች። «የእርስዎ የትኞቹ ናቸው?»

«የቀሩት። ሁሉም።»

«ዛሬ እንጀምራለን።»

አወጋጉን አሳየችኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ለሂላ ራሴ ደወልኩላት። ምንም ሳልጨምርበት ነገርኳት። «አርብ እመጣለሁ። ልብስህን አዘጋጅ» አለችኝ።

አርብ ጠዋት መጣች። ፊቷ ቆሜ የራሴን ሆድ ወጋሁ፤ ሻንጣዬን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ልትከፍተው ስትል ተንኳኳ። አያና ነው። ከሆስፒታል የወጣው ትናንት ነበር። ሰላምታ አልሰጠኝም። የኢንሱሊን እስክሪብቶውን እንደ ጩቤ ጨብጧል።

«እኔ ራሴን መውጋት አልቻልኩም» አለ። «ዛሬ ሙላቷ ልትሞክር ዓይኗን ጨፍና ፍራሹን ወጋችው። ጣቴን የወጋኸው አንተ ነህ፤ ሆዴንም አንተ ትወጋለህ። በየጠዋቱ።»

«አሽዶድ ልሄድ ነው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ? ከአሽዶድ እየመጣህ ትወጋለህ።»

ሂላ ሻንጣውን አስቀመጠች። «አባ፣ ለሰው መውጋት ትችላለህ?»

እጄን ታጠብኩ፤ አዲስ መርፌ ገጠምኩ፤ ትንሽ ወደ አየር አፈሰስኩ፤ ከሆስፒታል ወረቀቱ ላይ መጠኑን ሂላን አስነብቤ ሞላሁ። አያና ሸሚዙን ገለጠና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ወጋሁት።

«እሺ፣ አንድ ወር እንየው» አለች ሂላ ከጀርባዬ። «ግን በየጠዋቱ በስልኩ ካሜራ አይሃለሁ። የራስህን ሆድ ታሳየኛለህ፤ ፊትህን አላምነውም። ኪኒኑንም አንድ በአንድ ትቆጥርልኛለህ። አንድ ቀን ከሳትክ ሻንጣው ይነሳል። ሰማኸኝ? አባ!»

መርፌው ሳይነቀል እስከ አሥር መቁጠር ነበረብኝ።

«ተይው ልጄ፣ አታናግሪው» አለ አያና ጥርሱን ነክሶ፣ «ገና ስድስት ላይ ነው።»