ስድስት ጣት ክፍተት

መጀመሪያ የሰማሁት ጫማውን ነው። ቷ... ቷ... ቷ። ሰውዬው እግሩን ሲያነሳ ተረከዙ ከጫማው ይወጣል፤ ሲያሳርፍ ጫማው መልሶ ያጨበጭባል። ክር በሰም እያሸሁ ስለነበር ቀና አላልሁም። ወደ ሆስፒታል የሚወጣ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ይሆናል አልሁ በልቤ። ድምፅ ሰምቼ ባለቤቱን በሐሳቤ መሥራት ልማዴ ነው። ድምፁ የቆዳ መስፊያ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እማ የት ሄዳ ነው? ቤቱ ተቆልፏል።»

ወንድዬ ነበር፣ ታላቅ ወንድሜ። ከመካነ ሰላም ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ባይናገር ኖሮ በፊቱ አላውቀውም ነበር። በግራ እጁ የሱሪውን ወገብ እንደ ከረጢት አፍ ጨብጦ ይዞታል።

ዐረብ አገር እስር ቤት ስምንት ወር ተቀምጧል። ሲገባ፣ ሰው ራሱን እንዳያንቅ ተብሎ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ተቀበሉት፤ ሲያስወጡት ግን የመለሰለት የለም። እንዲሁ በአውሮፕላን አምጥተው አዲስ አበባ አራገፉት።

ይህን የነገረን በሦስተኛው ቀን ነው። ሌላም አንድ ነገር ለእኔ ብቻ ነገረኝ።

«ዒምራን የሚባል የወግዲ ልጅ በረሃውን አብሮን ያቋርጥ ነበር» አለ። «የቤተሰቡን ስልክ የጻፈባትን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር የያዛት። ላብ በላት። ሲሞት ለማን እንደውል? እናቱ ዛሬም ትጠብቀዋለች።»

ሰማሁ፣ አዘንሁ፣ ረሳሁት።

እማ ጓሮ ወስዳ ክንዴን ያዘችኝ። «እንደው በምንም በምንም ብለህ አስቀምጥልኝ። አሁን ደግሞ ተመልሶ ከሄደ ሬሳውን እንኳ አላገኘውም።»

እኔ ደግሞ ንግግር አልችልም። አሥራ ሁለተኛን ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ኮርቻ ሰፊው አባባ ይማም ዘንድ ተቀምጬ ቀበቶ መስፋት ተማርሁ። ዘመድ «ከቤታችን ፋቂ ወጣ» ብሎ አፈረብኝ። ምን ይደረግ፣ የምችለው ያንኑ ነው። ቀበቶ ልሰፋለት ቆረጥሁ።

ወገቡን በሲባጎ ለካሁት። ሲባጎውን ስቋጥር አየሁት፤ የልጅ ወገብ ነው። የመጀመሪያውን ቀዳዳ እዚያው ልኩ ላይ በሳሁ። ከዚያ ወደ ጫፉ፣ በጣት በጣት ርቀት፣ ሌሎች ሰባት። ስምንተኛው የድሮው ወንድዬ ነው። በየቀዳዳው ወንድሜ ሲፋፋ ታየኝ። በሦስተኛው ይስቃል። በአምስተኛው ስንዴ ይወቃል። በስምንተኛው ሙሽራ ሆኖ «ይኼ ሱሪ ጠበበኝ» እያለ ይነጫነጫል።

አንድ ቀን ከአባባ ይማም ጋር ወደምሠራበት ሱቅ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ቆዳውን ደባበሰ።

«ድርብ አርገው» አለ። «እዚህ ጋ፣ በውስጥ በኩል፣ ስድስት ጣት ያህል ሳትሰፋ ተወው።»

ከመጣ ጀምሮ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያን ቀን ነው። በዚያ ሰሞን እማ ከአንድ መርጌታ ክታብ አምጥታ ልታስርለት ስትል «አንገቴን አትንኪኝ!» ብሎ ጮኾባት ነበር። አሃ፣ በወገቡ ሊይዝላት ነው አልሁ።

«ለእማ ክታብ ነዋ?»

ቆዳውን አገላብጦ አየው። ያንን እንደ አዎ ቆጠርሁት።

ስፌቱ አራት ቀን ፈጀ። ክሩ አንድ ነው፣ መርፌው ሁለት። ወስፌው በበሳው ቀዳዳ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ይገባና ተሳስበው ይጠብቃሉ። አባባ ይማም አጠገቤ ኮርቻቸውን እየሰፉ በዓይናቸው ጫፍ ያዩኛል።

«አንተ ሕልመኛ፣ ይኼ አፉን የከፈተው ምንድን ነው? እየሰፋህ አንቀላፋህ?»

«ክታብ ይገባበታል፣ አባባ።»

«እኔ እኮ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ክታብ በቆዳ ስለብጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው! ክታብ ቢበዛ ሁለት ጣት ነው። እሱም ተሰፍቶ ይዘጋል እንጂ እንደ ኪስ ተከፍቶ አይተውም።»

«እሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለኝ።»

«ያ ረቢ» አሉና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ኮርቻቸው ተመለሱ። እኔ በሐሳቤ አምስተኛው ቀዳዳ ላይ፣ አውድማው ላይ ነበርሁ።

ቀበቶውን የታጠቀ ዕለት ሁለቱም እጆቹ ተለቀቁ። እማ ክታቡን በገዛ እጇ ከተተችበትና እልል አለች። ከተረፈው ቆዳ ቀጭን ማሰሪያ ተልትዬ ለጫማውም አበጀሁለት፤ ያ ማጨብጨብ ቀረ። መብላት ጀመረ። የቀረበለትን ሁሉ፣ ሳይናገር፣ ሥራ እንደተሰጠው ሰው ይበላል። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ እማ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስለት ልታስገባ ነጠላዋን አጠበች። እኔም ወሬ አልችልም እንጂ ቀበቶ ሰው ያስቀምጣል ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር።

የገበያ ዕለት ረፋድ ላይ ደጃፉ ጨለመብኝ። ቀና ስል ወንድዬ ቆሟል፤ ሲመጣ አልሰማሁትም። ክታቡን ከመርፌዎቼ አጠገብ አኖረው። ቀበቶውን ፈታና ሰጠኝ። በግራ እጁ የሱሪውን ወገብ ጨበጠ፣ ልክ እንደመጣ ዕለት።

«ክፍተቱን ስፋልኝ።»

ተቀበልሁት። በክፍተቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ጫፉ ላይ የራሴን ስልክ ቁጥር አነበብሁ። ዒምራን ያኔ ትዝ አለኝ። ስድስቱ ጣት ለክታብ አልነበረም። እኛ እልል ያልንለት እህልም ለእኛ አልተበላም፤ ለመንገዱ ነበር።

አባባ ይማም መዶሻቸውን አስቀመጡ።

ቀበቶውን ለሁለት መቅደድ እችል ነበር፤ ቢላው እጄ ሥር ነው። ግን ምን ይመልሰዋል? ሱሪውን በገመድ አስሮ ይሄዳል። ላላ አድርጌም መስፋት እችል ነበር። ቢላላ ወረቀቱ አንዱ በረሃ ላይ ይወድቅና እማ እንደዚያች የወግዲ እናት በር በሩን ስታይ ትኖራለች። ክሩን በሰም አሸሁት። ሁለት ጊዜ አሸሁት። እንደዚያ ጥብቅ አድርጌ ሰፍቼ አላውቅም።

«እማ ታውቃለች?» አልሁት ከስፌቱ ቀና ሳልል።

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከመንገዱ ማዶ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል።

ክሩን በጥርሴ በጠስሁት። ቀበቶውን ታጠቀ፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ። አምስቱ እንደተበሱ ቀሩ። ለአባባ ይማም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ወደ እኔ ሲዞር አንድ ነገር የሚል መስሎኝ መርፌዎቹን እንደያዝሁ ጠበቅሁት።

ወጣ።