የአረፋ ቁልፍ

ጋሽ ጁነዲን ሆሳዕና ገበያ ዳር ባለው ጨርቅ ቤታቸው ሲቀጥሩኝ ሃያ ዓመቴ ነበር። «ሳህሉ፣ አንተ ጨርቁን እንደ እርሻ መሬት ነው የምትለካው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ፤ የሥጋ ቀን ለየብቻ፣ የሽሮ ቀን ከአንድ ትሪ እንበላለን። እንዴት ደስ ይል ነበር!

አንድ ጊዜ የሥራ ውል አስጽፈው መጡ። «ፈርም፣ ነገ ለራስህ ይጠቅምሃል» አሉኝ። እኔ ተቆጣሁ። «ልጅ ከአባቱ ጋር ይፈራረማል?» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። ያን ቀን እየተንጎራደድኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ጅል ነበርኩ።

በየዓመቱ ለአረፋ ቤተሰቡ ወደ ጉራጌ አገር ሲሄድ የሱቁ ቁልፍ እኔ ዘንድ ይቀራል። አሥራ ስምንት አረፋ እንዲሁ አለፈ። እስኪመለሱ ድረስ መደርደሪያውን እየወለወልኩ፣ የቤቱ ልጅ እኔ ነኝ እል ነበር።

ጋሽ ጁነዲን ባረፉ በዓመቱ ልጃቸው ፈትሁዲን «ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ» አለኝ። «ምን አጠፋሁ?» ስለው፣ «ምንም፤ ሱቁ የኔ ነው» አለ። ሠራተኛ ያለ ምክንያት እንደማይባረር አውቃለሁ፤ ከሰስኩት። ወደ ሥራዬ ልመለስ ነው ያልኩት፣ ሌላ አልጠየቅኩም።

ዳኛዋ «የሥራ ውል አለዎት?» አሉኝ።

«የለኝም። ደመወዜም በእጅ ነበር።»

ፈትሁዲን ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሱ ሠራተኛችን አልነበረም። እንደ ልጅ ነው ያየነው፤ ሲመቸው እየመጣ ያግዘን ነበር።»

እንደ ልጅ መባልን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

ምስክሬ የጋሽ ጁነዲን ባለቤት እትዬ ሃቢባ ነበሩ። ወደ ልጃቸው ሳያዩ «ሠራተኛ ነበር» አሉ።

«በምን ያውቃሉ?» አሏቸው ዳኛዋ።

«ለአረፋ አገር ቤት ስንሄድ ልጆቻችንን ሁሉ ይዘን ነው። አንድም አይቀርም። ሳህሉን ግን አንድም ቀን ይዘነው ሄደን አናውቅም፤ ሱቅ ሊጠብቅ ይቀራል። ሠራተኛ ስለሆነ ነዋ።»

ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ተፈረደልኝ፣ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ዘንድሮ ለአረፋ ሊሄዱ ሲሉ ፈትሁዲን ቁልፉን ከአንድ ወረቀት ጋር አመጣልኝ።

«መረከብህን እዚህ ላይ ፈርም» አለኝ።

ፈረምኩ።