በግማሽ ድምፅ ዝቅ

ፒያኒስቱ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ገጠር የወጣው ልጁ አምስት ዓመት እንደሞላት ነበር። ይጫወትበት የነበረው ሆቴል ባንዱን በትኖ በቴፕ ሲተካው፣ ሊጥሉት የነበረውን አሮጌ ፒያኖ ለምኖ ወሰደ። በከተማዋ የኪራይ ክፍል ልጅቱ ጣቷን ባሳረፈች ቁጥር ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ገጠር ግን የሚስቱ አጎት ትተውት የሞቱት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ ከቅርቡ ጎረቤት አንድ ሙሉ ማሳ ይለየዋል። የፒያኒስቱ ሐሳብ አንድ ነው፤ እሱ ሁለቴ ተፈትኖ ያልገባበትን የሙዚቃ ኮሌጅ ልጁ እንድትገባ። ሚስቱ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራዋን ለቃ፣ የስፌት መኪናዋን ይዛ ተከተለችው። እናቷ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ሲሉ ሰምታለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ፒያኖው በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ ውሎ ደረሰ። ፒያኒስቱ መፍቻውን ይዞ ሊቃኘው ተቀመጠ። ሽቦዎቹ ዝገዋል፤ ወደ ትክክለኛው ድምፅ ሲያጠብቃቸው ሁለቱ እንደ ጅራፍ ጮኸው ተበጠሱ። ምትክ እዚያ አይገኝም። ስለዚህ ሁሉንም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ አላላቸው፤ የፋ ቁልፍ ሲመታ የሚን ድምፅ ይሰጣል። እርስ በርሳቸው እስከተስማሙ ድረስ ማን ይለያል፣ ለጊዜው ነው፣ አለ ለራሱ። ገና ዕቃ ሳይወርድ መርዶ ማሰማት አልፈለገምና ለሚስቱ አልነገራትም።

ለጊዜው የተባለው አሥራ አንድ ዓመት ቆየ።

ልጅቱ ጆሮ ነበራት። የወደቀ ሳህን፣ የበር ማጠፊያ፣ የባልዲ እጀታ ሰምታ ይህ ሬ ነው፣ ያ ላ ነው ትላለች። ባለ ወፍጮው አንድ ቀን የእሱ ሞተር ምን እንደሚል ጠየቃት። ሶል አለችው። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱ ሻከረ የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ "በሶል የተፈጨ ነው፣ አንተ ጥርስህን አስተካክል" እያለ ይመልሳል። አባት አብሮ ይስቃል። ስምንት ዓመት ሲሆናት ግን ራዲዮኑ ዘፈኑን ሁሉ ከፒያኖው ከፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው ብላ ነገረችው። እውነቱ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፒያኖው ልክ አይደለም ቢላት እንዳትጠላው ፈራ። "ባትሪው ነው" አላት። ከዚያ በኋላ ራዲዮ መስማት ተወች።

የፈተናው ቀን ኮሌጁ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። በሩ ገርበብ ብሏል። ፈታኟ ልጅቱን ጀርባዋን ለፒያኖው እንድትሰጥ ነገረቻትና አንድ ድምፅ መታች።

"ፋ" አለች ልጅቱ፣ ሳታመነታ።

"ደግመሽ ስሚው።"

"ፋ ነው።"

"ሚ ነበረች። ይህኛውስ?"

"ዶ።"

"ሲ ነበረች።"

አሥር ጥያቄ፣ አሥር ስህተት፤ ሁሉም በግማሽ ድምፅ፣ ሁሉም ወደ ላይ። ቀጥሎ ያጠናችውን እንድትጫወት ጠየቋት። ጣቷ አንዱን ይነካል፣ ጆሮዋ ሌላ ይሰማል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አቆመች።

ስትወጣ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር።

"ታምሜያለሁ መሰለኝ አባዬ። ጣቴ ትክክል ነው፣ የምሰማው ግን ሌላ ነው።"

ድንጋጤ ነው ቢላት ታምነው ነበር። እስከዛሬ የነገራትን ሁሉ አምናለች። አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ፣ ስለ ሽቦዎቹ ነገራት።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

እሱ ወደ ፈታኞቹ ገብቶ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ አስረዳ፤ ሲናገር እጁን እንደ ተማሪ ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር። ፈታኟ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እንዲህ ያለ ጆሮ ከሺህ አንድ እንደማይገኝ ነገረችው። ሊታረም ይችል እንደሆነ ሲጠይቃት ግን እርሳሷን አስቀመጠች።

"ቀዩን አረንጓዴ ነው እያሉ ቢያሳድጉዎት፣ አሁን ማን ያሳምንዎታል?" አለችው።

አውቶቡስ ውስጥ ልጅቱ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፌርማታው እስከ ቤት ያለውን መንገድ ከፊቱ እየሄደች ጨረሰችው፤ ደጃፍ ላይ ብቻ ዞር ብላ፣ "እማዬን አንተው ንገራት" አለችው።

እናት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ፊታቸውን ስታይ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ቆሞ ነገራት። አልጮኸችም። ስንት ሽቦ እንደተበጠሰ ጠየቀችው። ሁለት አላት።

"ሽቦው ተበጠሰ ብትለኝ እኮ፣ እኔ ሽቦ ፍለጋ እሄድ ነበር" አለች።

ጨርቁን አስተካክላ መርገጥ ቀጠለች። ልጅቱ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ ከተቆለሉት ሸሚዞች አንዱን ስባ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለች።

ፒያኒስቱ የሚቀመጥበትን ፈለገ። የቤቱ ሁለት ወንበሮች ተይዘዋል፤ የቀረው የፒያኖው ብቻ ነበር። እንደቆመ ቀረ።